ሹራቡን አውልቂና ለኪ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 20

ይድረስ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ፋሲካ ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ አለፈ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ስንገናኝ ተቆጪኝ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ አንቺ የደም ግፊት መድኃኒት መጀመርሽን፣ እማማን ደግሞ አስም እንደያዛቸው መስማቴ ነው። የደብረ ብርሃን ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የታወቀ ነው። ጉንፋኑስ በሳምንት በዐሥር ቀን በራሱ ይሄዳል፤ የሚያሳስበኝ ለጉንፋን ተብሎ የሚዋጠውና የሚጨሰው ነው።

ደረቅ ሳል አልለቅ እንዳለሽ ነግረውኛል። የታዘዘልሽ ኢናላፕሪል ከሆነ ጉንፋኑን አትውቀሺ። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚከረክር ሳል ያመጣል፤ ከተጀመረ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የሳል ሽሮፕ ብትጨልጪበት አይሰማም። ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ወደ አምሎዲፒን ወይም ሎሳርታን ይቀይርልሻል፤ ሳሉም በጥቂት ሳምንታት ይተውሻል። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ መድኃኒቱን ትተሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ።

ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ ግፊት በክረምት ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚዋሸው አለካኩ ነው። ሹራብ ላይ አይለካም፤ እጅጌውን ወደ ላይ መጠቅለልም ክንድን እንደ ገመድ ያስረዋል። አንድ እጅጌሽን አውልቂና ጋቢ ደርቢ። ቡና ከጠጣሽ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንትሽን ሽኚ፣ ጀርባሽን ወንበሩ ላይ አስደግፈሽ 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እግርሽን አታነባብሪ። ክንድሽን በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፊው። ጠዋት መድኃኒት ሳትወስጂ ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እየቆየሽ ለ7 ቀን ለኪና ጻፊው። የመጀመሪያውን ቀን ጥለሽ የቀረው አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪምሽ አሳዪው።

«ጀርባዬን ብርድ መታኝ» ብለሽ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዢ። ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራን ይልጣል፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። አፍንጫ የሚከፍተው የጉንፋን ኪኒንም ብዙውን ጊዜ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን አለበት፤ እሱም ላንቺ አይሆንም። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ሳይበልጥ ይበቃሻል። የጉንፋን ድብልቆች ውስጥ ፓራሲታሞል ስለሚገኝ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጉበትን ይጎዳል። አሞክሳሲሊንን ተይው፤ ቫይረስ አይገድልም፤ አክታ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻም አይወሰድም።

ወደ እማማ ልምጣ። ፓፉ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) አልረዳቸውም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር ነው፤ መጫኑና መሳቡ አልገጠመላቸውም ማለት ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰጂ። ቂጡን የፓፉን አፍ ልክ ቅደጂውና ፓፉን ሰክተሽ፣ አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊው። አስቀድመሽ ግን ሃይላንዱን በፈሳሽ ሳሙና እጠቢውና ሳትወለውዪው ራሱ ይድረቅ፤ አዲስ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ስቦ ያስቀረዋል። ፓፉን በደንብ ነቅንቀሽ (ብርድ ከሆነ መጀመሪያ መዳፍሽ ውስጥ አሙቂው) እማማ የጠርሙሱን አፍ በከንፈራቸው ገጥመው ይያዙ። አንዴ ትጫኚያለሽ፣ እሳቸው 5 ጊዜ ረጋ ብለው ይተነፍሳሉ። ሁለተኛውን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ፣ እንደገና ነቅንቀሽ። ሁለቴ ተከታትሎ መጫን ብክነት ነው።

የሳልቡታሞሉ ፓፍ ሲጨንቃቸው ብቻ ነው። ቤክሎሜታዞን የተባለው ፓፍ ከታዘዘላቸው ደኅና በሆኑበት ቀንም አይቀርም፤ ከወሰዱ በኋላ በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉት፣ አለዚያ አፋቸው ውስጥ ነጭ ቁስል ይወጣል። ሲያፍናቸው የሳልቡታሞሉን እስከ 10 ፓፍ አንድ በአንድ ሰጥተሽ ካልተሻላቸው፣ ወይም ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ቤት ውስጥ አትጠብቂ። እንፋሎትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለሌላው ይሁን፤ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል። ዕጣኑንም እሳቸው ከሌሉበት ክፍል አድርጊው።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። አምሎዲፒን ከተቀየረልሽ በቀን አንዴ ስለሆነና ምግብ ስለማይፈልግ ከጾም በኋላ ማታ መውሰድ ይቻላል፤ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር ወስኚው። እማማ ፓፉን ለነፍስ አባታቸው ይንገሩ እንጂ አያቋርጡ። ሽሮ ላይ ጨው ሳትጨምሪ ቅመሺ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል።

የከሰሉን ነገር ሳልነግርሽ አላሽገውም። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ይግባ» ይባላል። የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በር ተዘግቶ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሁላችሁንም አንድ ላይ ከጀመራችሁ እሱ ነውና መጀመሪያ ሰዉን፣ ቀጥሎ ምድጃውን አውጪ። ለመኝታ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርጌ።

የ7 ቀኑን ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው ወዳጅ