ከጡንቻ በላይ ወይስ ከጡንቻ ሥር? እህቴን ማንም አልጠየቃትም

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ጡት ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከእህቴ ጋር አነበብነው። ስለ መጠኑ አለ፣ ስለ ቅርጹ አለ፣ ስለ ዋጋውም አለ። ጡት ውስጥ የሚከተተው ሲሊኮን፣ ኢምፕላንት የሚሉት፣ ደረት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። እህቴ ጋዜጣውን አጣጥፋ አስቀመጠችና "እትዬ፣ ለእኔም እኮ ይህን የነገረኝ የለም" አለችኝ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እህቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሁለት ልጆች አጥብታ ጡቷ ባዶ ከረጢት ሆኖ ቀረ፣ ልብስ በለበሰች ቁጥር ትሳቀቅ ነበር። ቤሩት ሠርታ ካጠራቀመችው ገንዘብ ላይ አውጥታ አሠራችው። "ምን አነሳት?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰውነቱ የሷ ነው፣ ገንዘቡም የላቧ ነው፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። መጠኑን አስመረጧት። ናሙናውን ጡት መያዣ ውስጥ እየከተተች በመስታወት አየች፣ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው "እዚህ ጋ ፈርሚ" አሏት፣ ፈረመች። ሐኪሙ ሊወጣ በሩ ላይ ሆኖ "ከጡንቻ ሥር ነው የማደርግልሽ፣ እሱ ይሻላል" አለ። እሷም እሺ አለች። ለምን እንደሚሻል እኔም አልጠየቅኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቁስሉ በደህና ዳነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ከባድ ነበር፣ ፀጉሯን እንኳ እኔ ነበርኩ የማበጥርላት። ቀስ እያለች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ቀን ማለዳ ሊጥ ስታቦካ ጠራችኝ። ክንዷ እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ነው። ጫን ብላ ስታሽ ሁለቱም ጡቶቿ ወደ ላይና ወደ ጎን ሸሹ፣ እጇን ስታላላ ተመለሱ። በስስ ካናቴራ ስለነበረች በደንብ ይታያል። ፈንድቶ መሰላት፣ በሊጥ እጇ ደረቷን ይዛ አለቀሰች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አቅፋ ደረጃ ስትወጣም ያው ነገር ሆነ።

ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ዶክተሯ ገና ሳይነኳት የጠየቋት "ሥራሽ ምንድን ነው?" ብለው ነው። እንጀራ አለቻቸው። መዳፍና መዳፏን ደረቷ ፊት አጋጥማ እንድትገፋ አደረጓትና አዩት። "ምንም አልፈነዳም፣ አትፍሪ" አሏት። ኢምፕላንቱ የተቀመጠው ትልቁ የደረት ጡንቻ ሥር ነው። ያ ጡንቻ ሰው ሲገፋ፣ ሲጫን፣ ዕቃ አቅፎ ሲያነሳ ይኮማተራል። ሲኮማተር ከሥሩ ያለውን ይዞት ይሄዳል። ሐኪሞቹ የሚያውቁት፣ ስምም ያወጡለት ነገር ነው። ሁሉም ሴት ላይ እኩል አይታይም፣ በክንዷ የምትሠራ ሴት ግን አስቀድሞ ሊነገራት ይገባ ነበር።

ታዲያ ለምን ከጡንቻ ሥር ያስቀምጡታል? ዶክተሯ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ስኒ ገለበጡና የእህቴን ነጠላ ጫፍ ጣል አደረጉበት። የስኒው ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "አሁን ይሄ ጋቢ ቢሆን ይታይ ነበር?" አሏት። አይታይም። ከጡንቻ በላይ፣ ከጡቱ ሥጋ ሥር ብቻ ሲቀመጥ የሚሸፍነው ያለው ሥጋና ቆዳ ነው። ቀጭን ሴት ላይ ጠርዙ ሊታይ፣ ቆዳው ላይ እንደ ውሃ ሞገድ መሸብሸብ ሊወጣ ይችላል። ጡንቻው ሲጨመርበት ሽፋኑ ይወፍራል። ሌላም አለ። ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል፣ ይህ የማይቀር ነው። አንዳንዴ ግን ከረጢቱ እየጠበቀ ጡቱን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ያማል፣ ቅርጹንም ያበላሻል። ይህ ከጡንቻ ሥር ሲሆን በጥቅሉ ያንሳል። ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ሲነሱም የጡቱን ሥጋ ለማየት ከጡንቻ ሥር ያለው ይሻላል። የትም ይቀመጥ፣ ለምርመራ ስትሄዱ ኢምፕላንት እንዳላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ባለሙያዋ ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተጨማሪ ፎቶ ማንሳት ይኖርባታል።

ከጡንቻ በላይ ያለው ደግሞ የራሱ ደግ ነገር አለው። ጡንቻ ስለማይነካ ሕመሙ ያንሳል፣ ቶሎ ወደ ሥራ ይመለሳሉ፣ ሊጥ ሲያቦኩም ጡት አይሸሽም። በራሷ በቂ የጡት ሥጋ ላላት ሴት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛም መንገድ አለ፣ ዱዋል ፕሌን ይሉታል። የላይኛውን ክፍል ጡንቻው ይሸፍነዋል፣ የታችኛው ክፍል ከጡቱ ሥጋ ሥር ይሆናል። ጡቷ ትንሽ ለወደቀባት ሴት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ጡንቻው ግን እዚህም ስለሚነካ መሸሹ ሙሉ በሙሉ አይቀርም።

ዶክተሯ የእህቴን ደረት ከጡቷ በላይ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ለኩ። ብዙ ሐኪሞች ቁንጥጫው ከ2 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ጡንቻ ሥር ያዘነብላሉ። እህቴ ቀጭን ናት፣ አነሰ። ዶክተሯም አልደበቁንም፦ "እኔም ብሆን ምናልባት እዚያው አደርግልሽ ነበር። ግን ነግሬሽ።" ይቺ "ነግሬሽ" የምትለው ቃል ናት ልቤ ውስጥ የቀረችው። ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትንሽ መጠን ትመርጥ ነበር፣ ምናልባት ትተወው ነበር፣ ምናልባትም እሺ ብላ አድርጋው ያን ቀን ባልዲው ላይ አታለቅስም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ኤፍዲኤ የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው በፈረንጆቹ 2021 ያወጣው ትእዛዝ አለ። ታካሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጉዳቱን ዝርዝር አንብባ ክፍል በክፍል ትፈርማለች። ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ እንዳልሆነም እዚያው ይነገራታል። ሲሊኮን ያስገባች ሴት ደግሞ ምንም ባያማትም ካስገባች ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንድትታይ ይመክራሉ። እህቴ ይህን የሰማችው ከሁለተኛዋ ሐኪም ነው። እኛ አገር ቢያንስ ወረቀቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ታካሚዋ በምትረዳው ቋንቋ ይሁን።

ነገሩ ለመዋብ ብለው የሚያሠሩትን ብቻ አይመለከትም። ሰፈራችን ውስጥ ጥቁር አንበሳ ለጨረር የሚመላለሱ እናቶች አሉ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በላይ የሚታየው ነው። ጡቷ ተቆርጦ እንደገና ለምታሠራ ሴት ይኸው ጥያቄ ይመጣል፣ እንዲያውም ይከብዳል። የጡቱ ሥጋ ስለሌለ ከጡንቻ በላይ ለማስቀመጥ የቀረው ቆዳ ወፍራምና ደም በደንብ የሚያገኝ መሆን አለበት። ጨረር ደግሞ የጠባሳው ከረጢት የመጥበቁን ዕድል ይጨምረዋል። ከሆድ ወይም ከጀርባ የራስን ሥጋ ወስዶ መሥራትም አለ፣ ምንም ሳያሠሩ መኖርም አለ። እነዚህ ሁሉ ምርጫ መሆናቸውን ሴትየዋ ማወቅ አለባት።

አሁን እህቴ ሊጥ የምታቦካላት አንዲት ልጅ ቀጥራለች፣ ጀሪካኑን እኔ አወጣለሁ። ኢምፕላንቱን ከጡንቻ በላይ አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሌላ ወጪ ነው፣ ቀጭንነቷም አልተለወጠም። ገና አልወሰነችም፣ እኔም አልገፋፋትም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው የጤና ገጻችሁ አንድ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ጋብዙና ሦስቱንም መንገድ በሥዕል አሳዩልን። ሥዕሉ ትልቅ ይሁን። እህቴ ቆርጣ ምጣዷ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፣ እንጀራ ሊወስዱ የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ይጠይቋታልና።

አክባሪያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ