«ባዶ ነው» አትበሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ባለፈው ዕትማችሁ አንድ አንባቢ «ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ጥይት አጉርሶ ነው መሄድ ያለበት፤ ያልጎረሰ ሽጉጥ ቁራጭ ብረት ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ለማያውቅ ሰው፣ ማጉረስ ማለት የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ስቦ በመልቀቅ (ማቀባበል የምንለው እሱን ነው) ከካዝናው፣ ማለት ከጥይት መያዣው፣ አንዷን ጥይት መተኮሻ ቤቷ ማስገባት ነው። ሰውየው የሚሉትን ያውቃሉ። እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

ወንበሬ ጣና ዳር ያለ አንድ የሠርግ አዳራሽ በር ላይ ነው። ጥበቃ ነኝ። ከዚያ በፊት 14 ዓመት ወታደር ነበርኩ። በአዳራሹ ደንብ መሣሪያ ይዞ መግባት ስለማይቻል እንግዳው ሽጉጡን ለእኔ ይሰጣል። እኔ ቁጥር የተጻፈበት የቢራ ቆርኪ እሰጠዋለሁ። ሲወጣ ቆርኪውን መልሶ ሽጉጡን ይወስዳል። አንዳንዱ በሞቅታ ቆርኪውን ጥሎ ይመጣና እስከ እኩለ ሌሊት ያጨቃጭቀኛል፤ እሱን እንተወው። ከወንበሬ በስተግራ አሸዋ የሞላ ግማሽ በርሜል አለ። አሸዋውን ከሐይቁ ዳር በጆንያ ተሸክሜ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ማንም ሰው ሽጉጡን ከመስጠቱ በፊት አፈሙዙን ወደዚያ አዙሮ ጥይቱን ያወጣል።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ 11 ሽጉጥ ተቀበልኩ። 7ቱ ጎርሰው ነበር። ከ7ቱ ባለቤቶች 4ቱ «ባዶ ነው» እያሉ ነው የሰጡኝ። ሊዋሹኝ ፈልገው አይደለም። እውነትም ባዶ መስሏቸው ነው።

ከነሱ አንዱ ሙሉ ሱፍ የለበሱ፣ ነጠላ ያጣፉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ቶካሬቭ የሚባለውን የቆየ ሽጉጥ ነው የያዙት። «ባዶ ነው ልጄ፣ አትድከም» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ወደ አሸዋው ይዙሩልኝ» አልኳቸው። ካዝናውን ነቀልኩ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስስበው አንድ ጥይት ዘላ አሸዋው ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብለው አዩዋት። ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ለመስቀል አገር ቤት ስሄድ ነው ያቀባበልኩት» አሉ። ከመስከረም እስከ ጥር ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽጉጡ ቁም ሳጥን ገብቷል፣ ባጃጅ ተሳፍሯል፣ ትራስ ሥር አድሯል።

«ባዶ ነው» የሚለውን ቃል የምፈራው ሰው ላይ በደረሰ ነገር ብቻ አይደለም። 2009 ዓ.ም. ላይ እኔው ራሴ ባርቆብኛል። ያኔ ቤታችን ሽንብጥ ሰፈር ነበር። ከሥራ ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ማካሮቭ ሽጉጤን አወጣሁ። ባለቤቴ ቡና ትቆላለች። መጀመሪያ አቀባበልኩ። ጥይቷ ዘላ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈች። አየኋት። ከዚያ ካዝናውን ነቀልኩ። በቃ ባዶ ነው ብዬ ቃታውን ሳብኩ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ካዝናው ሳይነቀል ካቀባበላችሁ፣ የጎረሰችው ትወጣና ከካዝናው ሌላ ትተካለች። እኔን ያሳሳተችኝ ዘላ የወጣችው ናት። መጀመሪያ ካዝና ይነቀላል፣ ቀጥሎ ይቀባበላል፣ ከዚያ በዓይን ይታያል፣ ሲጨልም ደግሞ በጣት ይዳሰሳል። ይህንን ለስንት ምልምል ወታደር እየጮህኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥይቷ የቆርቆሮውን በር በስታ ወጣች። ጆሮዬ ጭው አለ። የቡናው ምጣድ ሲገለበጥ በዓይኔ አየሁ፤ ድምፁን ግን አልሰማሁም። በሩን ስከፍተው የ9 ዓመቷ ልጄ ኩባያ ይዛ ቆማለች። ከፊቷ ቢጫው ጀሪካን አለ። ከጎኑ ውሃ ቀጥኖ እየፈሰሰ ነው። «አባ፣ ውሃው አለቀ እኮ» አለችኝ። ልትቀዳ መጥታ ኩባያ ረስታ ወደ ማድቤት ተመልሳ ነበር። ኩባያውን ባትረሳው ኖሮ ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ እንዳለች ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የጎረሰ ሽጉጥ ታጥቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ጸሐፊው ክርክር ልመለስ። የእሳቸውን ወገን የሚይዝ ሰው በቤቴም አለ፤ የእህቴ ልጅ ነው። ነጋዴ ነው። ማታ የቀኑን ሽያጭ ይዞ ነው የሚገባው። ስለ መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያውቃል፤ ፈቃዱንም ይዟል። «አጎቴ፣ ሌባ እስካቀባብል ቆሞ ይጠብቀኛል እንዴ? ያልጎረሰ ሽጉጥ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን በስልኩ ደኒስ ቱለር የሚባል አሜሪካዊ የፖሊስ አሠልጣኝ በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ነገር አሳየኝ። ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ በእኛ 6 ሜትር ከምናምን፣ በ1 ሰከንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይደርስብሃል ነው ነገሩ። የሠለጠነ ሰው ሽጉጥ አውጥቶ ለመተኮስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። «በዚህ ላይ ማቀባበል ጨምርበት» አለኝ።

እንሞክረው አልኩት። ሠርግ የሌለበት ቀን ነበር። የልጁን የፕላስቲክ ሽጉጥ አመጣና እንደ ልማዱ ከጃኬቱ ሥር ወገቡ ላይ ሻጠው። በእውነተኛው እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አልጫወትም። እኔ የጥበቃ ዱላዬን ያዝኩ። ከዋርካው ሥር ተነሥቼ 6 ጊዜ ሮጥኩበት። ዕድሜዬ 58 ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። 6ቱንም ጊዜ ደረስኩበት። 4ቱን ከጃኬቱ ዚፕ ጋር ሲታገል አገኘሁት። አንዴ ሽጉጡ ከሸሚዙ ጫፍ ጋር ተጠላልፎ ቀረ። ታንኳቸውን ያስጠጉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በእኛ ሲስቁ ሥራ ፈቱ።

በመጨረሻው ግን አወጣው። ያኔ ግራ እጁ ደረቴን እየገፋ ነበር። ለማቀባበል ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅም፣ ጋዜጣችሁ ላይ የጻፉት ሰውም እውነት አላቸው። አልክድም። በዚያች አንዷ ሽጉጡ ጎርሶ ቢሆን ኖሮ እኔ አልቆልኝ ነበር።

የቀሩትን 5ቱን ግን ዚፕና ሸሚዝ ነው የበሉት። ሽጉጥ ስሙ ራሱ ከመሸጎጥ የመጣ ነው። የተሸጎጠ ነገር ደግሞ በጥድፊያ አይወጣም። በብርድ ጃኬት ላይ ጋቢ የደረበውንማ ተዉት። በዓመት አንዴ እንኳ ባዶውን አውጥቶ ያልተለማመደ ሰው «ማቀባበያ ጊዜ አጣሁ» ሲለኝ ይገርመኛል።

ጸሐፊው «የዛሬ ሽጉጥ በራሱ አይባርቅም» ብለዋል። የትኛው ሽጉጥ? ያ የትልቁ ሰውዬ ቶካሬቭ ሲሠራ ጀምሮ የሚቆለፍበት ነገር የለውም። ያለው መዶሻውን፣ ማለት ለመተኮስ ከኋላ የሚመታውን ብረት፣ ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ጥርሱ ባረጀ ሽጉጥ እሱን ማመን አይቻልም፤ ቢወድቅ ሊባርቅ ይችላል። ማካሮቭ ይሻላል። በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር የታጠቀው ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል። በግራ ጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ላይ ስትገፏት መዶሻውን አብርዳ ትቆልፈዋለች። ጎርሶ የሚሄድ ሰው ማካሮቭ ይዞ ቆልፎት ከሆነ ብዙ አልከራከረውም። ችግሩ፣ በእኔ በር ቆልፌዋለሁ ያለው ሰው ስንት ጊዜ መቆለፊያዋ ወርዳ አግኝቻታለሁ! ቀበቶ ይሁን የወንበር መደገፊያ ማን እንዳወረዳት ባለቤቱም አያውቅም።

ወጣቶቹ የሚይዙት የቱርክ ሽጉጥ ደግሞ ብዙው ከውጭ መቆለፊያ የለውም። መጠበቂያው ያለው ውስጡና ቃታው ላይ ነው። ቢወድቅ እንዳይባርቅ ተብሎ ነው የተሠራው። ቃታው ከተሳበ ግን ይተኩሳል፤ የሳበው ጣት ይሁን ገመድ አይለይም። አንድ ጎረምሳ በቱታ መጣ። የሽጉጥ ማኅደር የለውም፤ ሽጉጡን በሱሪው ላስቲክ ነው የያዘው። ሱሪው በክብደቱ ወደ ታች እየሸሸ በአንድ እጁ ይጎትተዋል። ቀስ ብዬ ሳወጣው የቱታው ማሰሪያ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ሳይቀር፣ ቃታው ቤት ውስጥ ገብቷል። ጎርሷል። እሱ ግን አንድ እግሩን ወደ ጭፈራው አድርጎ ነበር።

ሰው የማያየው አንድ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት አጉርሶ ማታ የሚያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጎርሰው ያችኑ አንዷን ጥይት ነው። በተቀባበለች ቁጥር አፍንጫዋ ይመታል። እየቆየ እርሳሷ፣ ማለት ተተኩሳ የምትወጣው ጫፏ፣ ባሩድ ወዳለበት ቀለህ ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች። የእህቴን ልጅ ጥይት ከአዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩለት። የጥፍር ውፍረት ያህል አጥራለች። እንዲህ ያለች ጥይት ስትተኮስ የባሩዱ ግፊት ከልኩ ሊያልፍ ይችላል፤ ሽጉጡን ልታበላሽ፣ የተኳሹንም እጅ ልትጎዳ ትችላለች። ያችን ጥይት ሲያይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለው።

ከሁሉ የምፈራው ግን እንዲህ የሚለዋወጠውን ነው። ገጠር ሲሄድ ያጎርሳል፣ ከተማ ሲገባ ያወጣል፣ ማታ ከመሸበት መልሶ ያጎርሳል። ሁልጊዜ የሚያጎርስ ሰው ቢያንስ እንደጎረሰ ያውቃል። ይሄኛው ግን አንድ ቀን ከወር በኋላ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና እንደ እኔ በግምት ቃታ ይስባል። ሽጉጥ ደግሞ ሲጎርስና ሲወጣ ይባርቃል፤ ሌባው ፊት ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት። የእኔም በር እንግዳውን ጥይት አውጣ ስለሚል ያንን አደጋ ራሱ ይጠራዋል፤ ይገባኛል። አሸዋውን የተሸከምኩት ለዚያ ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ቃታውን የሚሸፍን የቆዳ ማኅደር አሠርቷል፤ ያችን ያጠረች ጥይትም ለይቶ አስቀምጧል። ማጉረሱን ግን አልተወም። ቅዳሜ የጓደኛው ሠርግ እኛ አዳራሽ ነው። ሚዜ ነው፣ ቀደም ብሎ ይመጣል። እንደ ማንኛውም እንግዳ ወደ በርሜሉ እወስደዋለሁ፤ መጀመሪያ ካዝናውን ያስረክበኛል።

ከአክብሮት ጋር
የሠርግ አዳራሽ ጥበቃ፣ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ
ባሕር ዳር