እስክንድርያን ለጉልበትሽ ስለካት

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ዕረፍት አግኝቼ ከካይሮ በባቡር እስክንድርያ ደርሼ መጣሁ። ሽርሽር እንዳይመስልሽ፤ አንቺን ላመጣ ስለማስብ የትኛው ቦታ ጉልበትሽን የሚያስቸግር ደረጃ እንዳለው አይቼ ልመለስ ብዬ ነው።

ልጅ ሆኜ ስንክሳር ሲነበብ «ሊቀ ጳጳሳት ዘእስክንድርያ» የሚለውን ስሰማ ከተማዋ ሰማይ ላይ ያለች ይመስለኝ ነበር። ከባቡር ስወርድ የተቀበለኝ የሚኒባስ ጡሩምባና የተጠበሰ ጉበት ሽታ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አንቺ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ቦታ ነው፤ ቅዱስ ማርቆስ። በር ላይ ፍተሻው ይጠብቃል፤ በ2009 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት ቦምብ ፈንድቶ ሰው አልቆበታል። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፣ መቀመጫም ሞልቷል። የቅዱሱ ራስ ቅል እዚህ እንዳለ ይነግሩሻል። ሥጋውን ግን የቬኒስ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ828 ሰርቀው ወስደውት፣ ከፊሉ የተመለሰው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም መጥተው ነበር። አባባ በሬዲዮ ሰማሁ እያለ ሲያወራው የኖረው ይሄንን አይደል? አትናቴዎስ አባ ሰላማን ቀብቶ የላከልንም ከዚሁ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ መጀመሪያው ፓትርያርካችን አቡነ ባስልዮስ ድረስ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ጳጳስ ከግብፅ ስንጠብቅ ኖርን። ያንን እያሰብኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

ዲዮቅልጥያኖስን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሰማዕታቱን የፈጀው። ለክብሩ የተተከለው ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከአስዋን የመጣ ቀይ ድንጋይ፣ ቁመቱ 27 ሜትር ገደማ። ሰዉ ግን በስህተት «የፖምፔ ዓምድ» ይለዋል። ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ፤ ስሙን እንኳ አላስቀሩለትም።

ከዚያ ብዙ የማይርቀው ኮም አል ሹቃፋ የሚባል የመሬት ውስጥ መቃብር ላንቺ አይሆንም። ጠመዝማዛው ደረጃ ወደ መቶ ይጠጋል፤ ላይ ሆነሽ ትጠብቂኛለሽ። ቦታው የተገኘው በ1893 ዓ.ም. አህያ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ነው ይላሉ። ከሥር ከዓለት የተፈለፈለ የመመገቢያ ክፍል አለ፤ የሟች ዘመዶች እየመጡ ይበሉበት የነበረ። ተዝካር በይው። የበሉበትን ሸክላ ወደ ቤት አይመልሱም ነበር፣ እዚያው ይሰብሩት ነበር። የቦታው ስምም የመጣው ከዚያ የገል ክምር ነው።

ባሕሩ ዳር የቃይትባይ ምሽግ አለ። ከ100 ሜትር በላይ የነበረው የጥንቱ የመርከብ መብራት ግንብ በምድር መንቀጥቀጥ ከፈረሰ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ፣ ከፍርስራሹም ድንጋይ ወስደው የሠሩት ነው። ውስጥ መግባት የለብሽም፤ ከውጭ ነው የሚያምረው። አዲሱን ቤተ መጻሕፍትም አየሁት። የውጭ ግድግዳው ላይ የብዙ አገር ፊደል ተቀርጿል፤ የኛን ስፈልግ አንገቴ ዞረ፣ ዘበኛውም በዓይኑ ሲከተለኝ ቆየ።

ማታ ባሕሩ ዳር ባለው አጥር ላይ ተቀምጬ ውሃ ስጠጣ ትዝ አልሽኝ። የከተማው የመጠጥ ውሃ በቦይ የሚመጣ የዓባይ ውሃ ነው፤ አንቺ ጎርፉ ሲደፈርስ የምትረግሚው።

እንግዲህ እንዲህ አስቤያለሁ። ክረምታቸው ዝናብና ማዕበል ስለሆነ በዚያን ጊዜ አትመጪም። የማርቆስ በዓል ሚያዝያ 30 ነው፤ አየሩ ለስላሳ ነው፣ ቅዳሴውም እንዳያመልጥሽ። ፓስፖርትሽን እህቴ ትጨርስልሽ፣ ብሩን ልኬላታለሁ። ጋቢሽን አትርሺ፤ የባሕሩ ንፋስ ማታ ማታ ይበርዳል። በርበሬ ግን አሥር ኪሎ እንዳትሸከሚ፤ ሁለት ይበቃኛል።

ልጅሽ