ጦሳን በፎቶግራፍ ማየትና ከሥሩ ማደር አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመኖሪያ አካባቢ በሰው አእምሮ ጤና ላይ ስላለው ተጽዕኖ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ እንደ ብዙው አንባቢያችሁ እኔም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ስለ አዲስ አበባ ጫጫታና መጨናነቅ የቀረበው ትንታኔ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ግን ከደሴ ፎቶግራፍ ሥር ያሰፈራችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የጦሳን ተራራ አሳይታችሁ፣ የክፍለ ሀገር ከተማ ነዋሪ አረንጓዴ ተራራና ንጹሕ አየር ስላለው ከእንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት የተጠበቀ ነው አላችሁ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ወሎ የደረሳት ድርሻ ይህ ብቻ ነው። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ አንድ ነዋሪ፣ አንድ የጤና ባለሙያ አላነጋገራችሁም። ሳይጠይቁ ደኅና ናችሁ ማለት በየትኛው የጋዜጠኝነት ደንብ ነው የሚፈቀደው?

ጦሳ ውብ ተራራ መሆኑን ከሥሩ ተወልጄ ያደግሁ ሰው አልክድም። ነገር ግን ደሴ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በላዩ የተከማቸው ልል አፈር ክረምት ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብድና ይንሸራተታል። የመሬት መንሸራተት የደሴ የቆየ ችግር መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ደጋግመው ያጠኑት ጉዳይ ስለሆነ ማንም ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።

በእኔ ቤት የጓዳው ግድግዳ ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ አለው። ባለቤቴ በየዓመቱ በጭድና በጭቃ ትመርገዋለች፤ ነሐሴ ሲገባ ተመልሶ ይከፈታል። ስንጥቁ መስፋት አለመስፋቱን ለማወቅ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በላዩ ላይ በሙጫ እንለጥፋለን። ወረቀቱ ተቀዶ ከተገኘ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ መጀመሪያ ባትሪ የምናበራው ወደዚያ ወረቀት ነው፤ ልጆቹም በእንዲህ ያለው ሌሊት ከነጫማቸው ይተኛሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ መላው አገር አዘነ፤ በእኛ ሠፈር ግን ከሐዘኑ ጋር ፍርሃትም ገባ፣ ያን ሰሞን ዓይኑን የከደነ ሰው አልነበረም። ይህ ጭንቀት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ምን ይቀበላል? የአእምሮ ጤናን የሚመለከት ዘገባ መጠየቅ የነበረበት ይህንን ነው።

ስሕተቱ የመነጨው አካባቢን መልክዓ ምድር ብቻ አድርጎ ከማየት ይመስለኛል። ራሳችሁ የጠቀሳችሁት፣ ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአሜሪካ ጥናት ይህን ያፈርሰዋል። በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 46 ሕመምተኞች መካከል ግማሾቹ ከአልጋቸው ዛፍ፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ የሚያዩ ነበሩ። ዛፍ ያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ልብ በሉ፤ ሆስፒታሉ አንድ ነው፣ ዛፎቹም ከዚያው ሆስፒታል ደጅ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የተኛው ሰው ዓይን የሚያርፍበት ነገር ነው። ታዲያ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠበት ተከራይ ከከተማው በላይ ተራራ በመኖሩ እንዴት ይጽናናል?

ይህን የምለው ስላነበብሁት ብቻ አይደለም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እናቴን እዚሁ ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሳስታምም፣ የክፍሉ መስኮት መስተዋቱ ረግፎ በካርቶንና በላስቲክ ተደፍኖ ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ «ነጋ ወይስ መሸ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ተራራው ከካርቶኑ ማዶ ነበር፤ ለእርሷ ግን የለም። ያ ጨለማ ከሕመሟ ባልተናነሰ አደከማት፣ እኔንም ጭምር።

የጩኸቱንም ነገር ለአዲስ አበባ ብቻ ሰጥታችኋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በደሴ መሃል ያልፋል። ባለ ተሳቢው የጭነት መኪና ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያጓራ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን እየጮኸ ሲወርድ የሚያድረው በመንገዱ ዳር ከተኛው ሰው ጆሮ ሥር ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አንድ ትምህርት ቤት በባቡር ሐዲድ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩ ሕፃናት በንባብ ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኝተዋል፤ ጩኸቱ ሲቀነስ ልዩነቱ ጠፋ። የእኛም ልጆች ጆሮ ያው ጆሮ ነው።

በእውነት የሚያጽናናን ነገር ፈልጋችሁ ቢሆን ኖሮ እርሱም ነበር። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ፣ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ፣ ተመራርቆ የሚለያይበት የቡና ሥርዓት ለስንቱ ብቸኛ፣ ለስንቱ ሐዘንተኛ መድኃኒት ሆኗል። ይህ ግን ግቢ ይፈልጋል። የጋራ ግቢው በአጥር እየተሸነሸነ፣ በየክፍት ቦታው የኪራይ ክፍል እየተደረደረ ሲሄድ ሰው ቡናውን በሩን ዘግቶ ለብቻው ወደመጠጣት እየደረሰ ነው። አካባቢ በመንፈስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ እናንተ ግን አልመጣችሁም።

ስለዚህ የፎቶውን መግለጫ በግልጽ እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ዘጋቢ የምትልኩም ከሆነ አደይ በፈነዳበት በመስከረም ሳይሆን በነሐሴ ላኩ። ስንጥቅ ያለባቸው ቤቶች ነዋሪዎች ወዴት ሊዛወሩ እንደታሰበ፣ የአፈሩ ጥናት ውጤትስ ለነዋሪው የማይነገረው ለምን እንደሆነ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁልን። እኛ ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ ሰምተን አናውቅም።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከደሴ