ፎጣ ለምትቆጥረውም እናዋጣ፦ ለሴት ልጆች የሩጫ ቡድናችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ቤተሰቦች ያቋቋምነው የሴት ልጆች የሩጫ ቡድን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። 26 ልጆች አሉን፤ የመጨረሻዋ 11 ዓመቷ ነው፣ ትልቋ 17። ለዘንድሮው የውድድር ወቅት 11,800 ዶላር ያስፈልገናል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከመዘርዘሬ በፊት ስለ አንዲት ሴት ላጫውታችሁ። ይህን ጥሪ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእርሳቸው ነገር ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የኪስ ገንዘቤን የማገኘው ፎጣ በማጠፍ ነበር። በሴቶች ስፖርት ክፍል የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ከማድረቂያው ትኩስ ትኩሱን እያወጣሁ፣ አሥር አሥሩን እየቆጠርሁ እደረድራለሁ። ውጪ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ያቺ ክፍል ግን እንደ እንጀራ መጋገሪያ ቤት ትሞቃለች። ግድግዳው ላይ ለዋናተኞች ስንት፣ ለቅርጫት ኳስ ስንት የሚል ዝርዝር ተለጥፏል። አንድ ቀን ሁለት ፎጣ አጉድዬ ልኬ የወረደብኝን ተግሣጽ እስካሁን አልረሳሁትም። ስለ ሁለት ፎጣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብዬ ስነጫነጭ አመሸሁ። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ሴት ተጫዋቾች ፎጣቸውን ከቤታቸው፣ የአውቶቡሱንም ከገዛ ኪሳቸው ያመጡበት ዘመን ሩቅ እንዳልነበረ የሰማሁት ቆይቼ ነው።

የሴቶች ስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር፣ ያልኋችሁ ሴት፣ ዶክተር ክርስቲን ግራንት ነበሩ። ቀርቤ አነጋግሬአቸው አላውቅም፤ በኮሪደር ሲያልፉ ነው የማያቸው። በ1936 በስኮትላንድ ተወልደው፣ ካናዳ ጥቂት ዓመታት ኖረው አዮዋ የገቡ፣ የሜዳ ሆኪ ሰው ናቸው። የሜዳ ሆኪ ማለት የእኛው ገና በሉት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ግን ሴት ልጅ ሩሯን በእግሯ ስትነካ የማይቆጣ አልነበረም። አዮዋ ላይ ሴቶች ዱላ ይዘው ሜዳ ሙሉ ሲሯሯጡ ባየሁ ጊዜ አፌን ይዤ ቀረሁ። ያ ሜዳ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ግራንት ከ1973 እስከ 2000 ለ27 ዓመታት የሴቶቹን ስፖርት መሩ። እርሳቸው ከመሾማቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ ማድላትን የሚከለክለው፣ ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ወጥቶ ነበር። ዋናው ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው፤ ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። ኋላ የወጣውን ማስፈጸሚያ ስታነቡ ግን የአስቤዛ ዝርዝር ይመስላል፦ የመጫወቻ ዕቃ፣ የልምምድ ሰዓት፣ የጉዞና የቀን አበል፣ አሠልጣኝ፣ መልበሻ ክፍል፣ ሕክምና። ግራንት በኮንግረስ ፊት ቀርበው የመሰከሩትና ለመንግሥት ያማከሩት በዚህ ሕግ ጉዳይ ነው። ትልቁ ክርክር ሲወርድ ሲወርድ መጥቶ እኔ የማጥፈው ፎጣ ላይ ያርፍ ነበር።

ያም ሆኖ ሥራቸው በፎጣ ብቻ አልቀረም። በ1983 ቪቪያን ስትሪንገርን በቅርጫት ኳስ አሠልጣኝነት አመጡ። በ1985 አዮዋ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲጫወት ከ15 ሺህ ጥቂት በሚበልጥ ሰው በሚሞላው አዳራሽ 22,157 ተመልካች ገባ፤ ሰው በየደረጃው ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። የሴቶችን ጨዋታ የሚያይ የለም ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አንድ ሽንፈታቸውንም ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን የኮሌጅ ሴቶች ስፖርት ኤአይኤደብልዩ የሚባል የራሱ ማኅበር ነበረው፤ የሚመሩትም ሴቶች ነበሩ። ግራንት በ1980 እና 81 ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ወዲያው የወንዶቹን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ገንዘቡንና ቴሌቪዥኑን ይዞ ወደ ሴቶቹ ውድድር ሲገባ የሴቶቹ ማኅበር ፈረሰ። በ1972 ከሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ክፍሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሴት ይመሩ ነበር፤ በ2014 ሲቆጠር 22 በመቶ ገደማ ሆኗል። ሯጮቹ በዙ፤ ኃላፊዎቹ ግን ወንዶች ሆኑ። ይህ ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል።

ዶክተር ግራንት በ2021 የመጨረሻ ቀን፣ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛም ብንሆን የምናውቀው የሮጠችውን ነው። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ያላለቀሰ ማን ነበር? በ2018 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስትሆን ግን «ደግሞ ቢሮ ገብታ ምን ልትሠራ ነው?» ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። እንደ እኔ ያለች የፎጣ ሠራተኛ እንዲህ ማለቷ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ልጆቻችን። ባለፈው የጸደይ ወቅት አንዲት የ12 ዓመት ልጃችን 1,500 ሜትር የሮጠችው በወንድሟ ጫማ ነው፤ ጫፉን በሶፍት ጠቅጥቃዋለች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የግራው ወለቀ። ቆማ አላነሣችውም፤ በካልሲ ጨርሳ ሰባተኛ ወጣች፣ ከዚያ ተመልሳ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። እናቷ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነች አላየችም። ጥፋቱ የእኛ የአስተባባሪዎቹ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንዲትም ልጅ እግር ለክተን አናውቅም።

ያን ቀን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ደብተር አውጥታ የ26ቱንም የጫማ ቁጥር መዘገበች። ማንም አላዘዛትም። በሩጫው ሁልጊዜ ከኋላ ናት፤ ራሷም ትስቅበታለች። ከዚያ ወዲህ ግን አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የማን አስም መድኃኒት በየትኛው ቦርሳ እንዳለ የምንጠይቀው እርሷን ነው።

ስለዚህ የዘንድሮው በጀት እንዲህ ነው። ለ26 ጥንድ ጫማ 2,470 ዶላር፤ ለዘጠኝ ጉዞ የአውቶቡስ ኪራይ 4,680፤ ለውድድር ምዝገባ 1,450፤ የጤና ዋስትና ለሌላቸው ስምንት ልጆች ምርመራ 600። ቀሪው 2,600 ዶላር ክርክር ያስነሣው ነው። ባለ ደብተሯን ልጅ ጨምሮ አራት ትልልቅ ልጆች የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና የውድድር ዳኝነት እንዲማሩ፣ የቡድኑን ጉዞና ሒሳብ ለሚይዙበትም አነስተኛ አበል እንዲያገኙ አስበናል። በስብሰባችን ላይ «ለማትሮጥ ልጅ ምን ገንዘብ ያስፈልጋታል?» ያሉ አባት ነበሩ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አልተስማማሁም። ይህን ሁሉ ያወራኋችሁም ለዚሁ ነው።

መዋጮው እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ክፍት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ቡና አለ፤ በፖስታ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። በባንክ ማስገባት ለምትፈልጉ ገንዘብ ያዣችን የሒሳቡን ቁጥር በእጅ ትሰጣችኋለች። አሥር ዶላርም ብትሆን ደረሰኝ አላት። ሒሳቡን እንደ እድራችን ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል፤ ወቅቱ ሲያልቅም ወጪው በዝርዝር ይነበባል፣ ያልሰጠ ሰውም መጥቶ መጠየቅ ይችላል። ሰፊ መኪና ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን የአንድ ጉዞ ኪራይ ተረፈ ማለት ነው።

ጫማ በዓይነት መስጠት የምትፈልጉም ብዙ ናችሁ፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን አዲስ ይሁን፤ ቁጥሩንም ሳትጠይቁ አትግዙ። ደብተሩ ልጅቱ ዘንድ አለ፤ ቅዳሜ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ታገኟታላችሁ።