የክርክሩ ቁልፍ የወጪ ርዕሱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የእምነት ተቋማት ለሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች መንግሥት ገንዘብ ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው ሙግት ሁለት ጎራ ለይቶ ቆሟል። አንደኛው «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸውና አምስት ሳንቲም አይገባም» ሲል፣ ሌላኛው «ወላጁም እኮ ግብር ከፋይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ገንዘቡን እንደ አንድ ጥቅል ያዩታል። በጀት ግን የሚከፈለው በወጪ ርዕስ ነው፤ አደጋውም እንደ ርዕሱ ይለያያል።

ቀላሉ ልጁን ተከትሎ የሚሄደው ወጪ ነው፦ መጓጓዣ፣ ምገባ፣ የጤና ምርመራ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 በኤቨርሰን ጉዳይ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመንግሥትና በሃይማኖት መካከል ግንብ መኖሩን አስረግጦ ተናገረ። በዚያው ፍርድ ግን ልጆቻቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለሚልኩ የኒው ጀርሲ ወላጆች የአውቶቡስ ወጪ እንዲተካላቸው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። አውቶቡስ አይሰብክም።

ደመወዝ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይጠጥራል። የአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት በግል ትምህርት ቤቶች ዓለማዊ ትምህርት ለሚሰጡ መምህራን እስከ 15 በመቶ የደመወዝ ድጎማ ትሰጥ ነበር፤ መምህሩም ሃይማኖት ላለማስተማር ይፈርማል። ይህን አሠራር ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በሌመን ጉዳይ ውድቅ አደረገው። ፊርማው መከበሩን ለማወቅ መንግሥት መምህሩን ዘወትር መከታተል፣ የትምህርት ቤቱን መዝገብ መመርመርና የትኛው ወጪ ሃይማኖታዊ እንደሆነ መበየን ሊኖርበት ነው። ፍርድ ቤቱ መንግሥትና ሃይማኖት መጠላለፋቸውን ለመመዘን በዚያ ጉዳይ ያስቀመጠውን መለኪያ ኋላ ላይ ቢተወውም የቁጥጥሩ እንቆቅልሽ አልተፈታም። ድጎማ ፈላጊ የእምነት ተቋማት ይህን ልብ ያሉት አይመስለንም፤ ከገንዘቡ ጋር ተቆጣጣሪውም በዚያው በር ይገባል።

ፈረንሳይ በ1905 ሕጓ ለአምልኮ አልከፍልም ብላለች። ሆኖም ከ1959 ጀምሮ በዶብሬ ሕግ መሠረት ውል ለገቡ ትምህርት ቤቶች የመምህራንን ደመወዝ ራሷ ትከፍላለች። በምላሹ ትምህርት ቤቱ የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፤ የሕሊና ነፃነትን ያከብራል፤ በእምነቱ ምክንያት ተማሪ አይመልስም። የምንደግፈው ይህን ዓይነቱን ውል ነው። ደመወዙ ግን በቀጥታ ለመምህሩ እንጂ በተቋሙ ሒሳብ በኩል ማለፍ የለበትም፤ ከምእመናን መዋጮ ጋር አንዴ ከተቀላቀለ የትኛው ብር የት እንደዋለ የሚለይ ኦዲተር አይገኝም። የሃይማኖት ክፍለ ጊዜም በትምህርት ቀኑ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይመደብ። መሀል ላይ ከተደረገ መውጣት የሚፈልገው ልጅ ኮሪደር ላይ ይቀራል፤ ነፃነቱም የወረቀት ብቻ ይሆናል።

ቫውቸር፣ ማለትም ወላጅ በመረጠው ትምህርት ቤት ለክፍያ የሚጠቀምበት የመንግሥት ድጎማ፣ ገንዘቡን በወላጅ ምርጫ ስለሚያሳልፈው የሕጉን ጥያቄ ያቀልለታል፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤትም በ2002 የክሊቭላንድ ከተማን የቫውቸር አሠራር ፈቅዷል። የሚበላሸው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ውሉ ካልከለከለ ትምህርት ቤቱ ከቫውቸሩ በላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ወይም ክፍያው የሚሰላበት የተማሪ ቆጠራ ካለፈ በኋላ አስቸጋሪ ያለውን ልጅ ያሰናብትና ገንዘቡን ያስቀራል። ስለዚህ ቆጠራው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በስም ዝርዝር ይካሄድ፤ ክፍያውም በየመንፈቁ ይለቀቅ። አመልካች ከቦታው ሲበዛ በዕጣ ይለይ።

ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ መስጠት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የካቶሊኮቹን ብቻ በሙሉ በጀት መደገፏ አድልዎ ነው ያለው በ1999 ነበር።

የመጨረሻው ግንባታ ነው፤ እዚህ ላይ እጅ መሰብሰብ ይበጃል። ውል ሲቋረጥ ደመወዝ ይቆማል፤ በሕዝብ ገንዘብ የቆመ ሕንፃ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ ነገ ወደ ጸሎት ቤት ቢለወጥ የሚመልሰው የለም። በእንግሊዝ «ቮለንተሪ ኤይድድ» የሚባሉት፣ መንግሥት የሚደግፋቸውና በአብዛኛው የእምነት ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች እንኳ በመደበኛው አሠራር ከካፒታል ወጪው 10 በመቶውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ግንባታ መደገፉ ግድ ከሆነ ሕንፃው ለትምህርት መዋሉ ባበቃ ጊዜ የመንግሥት ድርሻ በወቅቱ የገበያ ዋጋ ተሰልቶ እንዲመለስ የሚያስገድድ አንቀጽ በውሉ ይግባ፤ ዕዳውም በንብረቱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ላይ ይመዝገብ።