«ማፑ ላይ ካለማ አለ» ላልከኝ ልጄ

የኔ ጌታ እንደምነህ፣ ባለፈው ስልክህን ይዘህ «እማዬ ማፑ ላይ ካለማ አለ» ያልከኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ያን ቀን መልስ አጥቼ ዝም አልኩህ ግን አሁን የምነግርህ አገኘሁ።

ከአውስትራሊያ በስተምስራቅ ኮራል ባህር ላይ፣ ፈረንሳይ ወደምታስተዳድራቸው የኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች ስትጠጋ ሳንዲ የምትባል ደሴት ነበረች። ነበረች ስልህ ካርታ ላይ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ቬሎሲቲ የምትባል ዓሣ ነባሪ የምታድን መርከብ እዛ አካባቢ አሸዋማ ደሴት አይተናል ብላ አስመዘገበች፣ በ1908 የእንግሊዝ ባህር ኃይል ካርታ ላይ ተሳለች፣ ከዛ አንዱ ካርታ ከሌላው ሲገለብጥ ሲገለብጥ ኮምፒውተር መጣና የድሮዎቹ ካርታዎች ዲጂታል ሲሆኑ እሷም አብራ ገባች፣ ጎግል ላይ ሳይቀር ወደ 25 ኪሎሜትር ርዝመት ይዛ ቁጭ! ፈረንሳዮች እኮ በ1970ዎቹ ከራሳቸው ካርታ ሰርዘዋት ነበር፣ ሌላው ግን ዝም ብሎ መገልበጡን ቀጠለ።

በኖቬምበር 2012 ሳውዘርን ሰርቬየር የምትባል የአውስትራሊያ የምርምር መርከብ ላይ የነበሩት ተመራማሪዎች ግራ ገባቸው። የያዙት ዳታ ደሴት አለ ይላል፣ የመርከቧ ካርታ ደግሞ እዛው ቦታ ላይ 1,400 ሜትር ጥልቀት ነው ይላል። በቃ ሄደን እንየው አሉ። እዚህ ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል ልጄ፣ እስቲ አስበው፣ መርከቧ መሬት እንዳትመታ እየተጠነቀቁ ቀስ እያሉ፣ ጥልቀቱን እየለኩ እየለኩ ደሴቷ ተስላበት የነበረው መሃል ድረስ ገቡ፣ ከ1,300 ሜትር ያነሰ ጥልቀት የለም፣ ዙሪያውን ውሃ ብቻ።

የቬሎሲቲ ሰዎች ግን ዋሹ ብዬ አላምንም። ተረከዛችንን የምንፈትግበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ታውቀው የለ፣ ባህር ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እንደዛ ያለ ድንጋይ ተሰብስቦ ብዙ ኪሎሜትር ሸፍኖ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅ ላየው ሰው መሬት ነው፣ ተመራማሪዎቹም ምናልባት እሱን አይተው ይሆናል ነው የሚሉት። እነሱ ያዩትን ተናገሩ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ከዛ በኋላ መቶ ምናምን አመት ሙሉ ሳያይ የገለበጠው ነው።

ጎግልም ወዲያው አጠፋት። እስቲ አሁን ስልክህን አውጣና ከኒው ካሌዶኒያ ወደ ምዕራብ ሂድ፣ እዛ ጋ ምን እንዳየህ እሁድ ስትደውል ትነግረኛለህ፣ እጠብቃለሁ።

እናትህ